የስምንት ነጥብ ጉዳይ

(ባለፈው ቅዳሜ አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተሰበሰቡ ወገኖች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ስገለብጠው «ማለት ነው» የምትለዋን ቃል በብዛት ቆርጫለሁ። ቀሪው እንዳለ ነው። ዓመቶቹን የጠራሁት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

እንደምን ዋላችሁ። ማይኩ ይሰማል? እሺ።

ስገባ በር ላይ አንዲት እናት ያዙኝ። «ዶክተር፣ ታይሮይድ አለብኝ። አሁን ደግሞ ኮሌስትሮልም አለብሽ አሉኝ። ይሄ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አይደለም?» አሉኝ። ተረቱ እንዲህ ቦታውን አግኝቶ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ወደ ውስጥ ይግቡ፣ መልሱን ከመድረክ ላይ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። እዚያ ጋ ተቀምጠዋል፣ ይኸው እየሳቁ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ታይሮይድ ሁላችንም አለን። ኮሌስትሮልም ሁላችንም አለን፤ ያለ እሱ አንድ ቀን አናድርም። ስለዚህ «ታይሮይድ አለብኝ» የሚለኝን ሰው ሁልጊዜ «ስንት ሆኖ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። የዛሬው ወሬያችን በሙሉ «ስንት?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ታይሮይድ አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ያለ ቢራቢሮ የሚመስል እጢ ነው። የሚያመርተው ሆርሞን በአብዛኛው ቲ4 ነው፤ ሰውነት ውስጥ ወደ ቲ3 ተለውጦ ሥራውን ይሠራል። የሚያዘው ደግሞ አንጎል ሥር ያለች ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ እጢ ናት። የምትልከው መልእክት ቲኤስኤች ይባላል።

ጠዋት ልጅ የምትቀሰቅስ እናት አስቡ። ልጁ ንቁ ከሆነ አንዴ «ተነሥ» ማለት ይበቃል። ዳተኛ ከሆነ ድምጿ እየጨመረ ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ጎረቤት እስኪሰማ ትጮኻለች። ቲኤስኤች የእናትየው ድምፅ ነው። ቲ4 ደግሞ ልጁ ትምህርት ቤት የደረሰበት ሰዓት። ድምፁም ከፍ ብሎ ልጁም ካረፈደ፣ ያ ግልጽ የታይሮይድ ማነስ ነው፤ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ ክርክር የለውም። እናትየዋ እየጮኸች፣ ልጁ ግን እየተነጫነጨም ቢሆን በሰዓቱ ከደረሰስ? ቲኤስኤች ከፍ ያለ፣ ቲ4 ግን ደህና። ቀለል ያለ የታይሮይድ ማነስ የምንለው ይሄንን ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወረቀታቸውን ይዘው ከመጡት ውስጥ አብዛኞቹ እዚህ ላይ እንደሆኑ እገምታለሁ።

የቲኤስኤች የላይኛው ወሰን እንደ ላቦራቶሪው ቢለያይም 4 ወይም 4.5 አካባቢ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። ሌላ አንድ ቁጥር ደግሞ አለ፣ 10። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ልጁ በሰዓቱ ከደረሰ፣ ማለትም ቲ4 ደህና ከሆነ፣ ኮሌስትሮሉን ምን ነካው?

«ደህና» የሚለው ቃል ሰፊ ስለሆነ ነው። የአዋቂ ወንድ ጫማ ከ39 እስከ 45 ቢሆን ሁሉም ደህና ቁጥር ነው። የእርስዎ እግር 43 ሆኖ 40 ቢሰጡዎት ግን ቁጥሩ ደህና ነው፣ እግርዎ ደህና አይደለም። ቲ4ም እንደዚያ ነው። እያንዳንዳችን የራሳችን ልክ አለን። ከራሳችን ልክ ትንሽ ዝቅ ስንል ላቦራቶሪው ምንም አይልም፤ ፒቱታሪ ግን ልክ እንደዚያች እናት ጆሮዋ ቀጭን ነው፣ ወዲያው ትጮኻለች። ጉበትም ትንሽ ይሰማዋል።

ጉበት ደግሞ የኮሌስትሮል ለቃሚ ነው። ምስር ሲለቀም ያላየ እዚህ የለም። ሰፌዱ ጭን ላይ ነው፣ ጣቶች ይሮጣሉ፣ ጠጠሩ ይወጣል። ጉበታችን ላይ ኤልዲኤል የሚባለውን ቅባት ተሸካሚ ከደም የሚለቅሙ እጆች አሉ እንበል። ቲ3 የእነዚህን እጆች ቁጥር ያበዛል። ቲ3 ሲያንስ እጆቹ ያንሳሉ፣ ሰፌዱ ላይ የሚቀረው ይበዛል። በዚያ ላይ ጉበት ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት ቀይሮ የሚያስወግድበት መንገድ አለ፤ እሱም ይዘገያል። በእርግጥ ሆርሞኑ ሲያንስ ሰውነት ኮሌስትሮል የሚያመርትበት ፍጥነትም ይቀንሳል። ግን ጽዳቱ ከምርቱ ይበልጥ ስለሚዳከም በደም ውስጥ ያለው ይጨምራል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ቅባትም አንዳንድ ሰው ላይ ይጨምራል፣ የሚሰባብረው ኢንዛይም ስለሚሰንፍ።

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። ቲኤስኤችን በደም መለካት የተጀመረው በ1960ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ሐኪሞች ታይሮይዱ ደክሟል ብለው የጠረጠሩትን ሰው ኮሌስትሮል ይለኩ ነበር። ኮሌስትሮሉ የታይሮይድ ምርመራ ሆኖ ያገለግል ነበር። እኛ አሁን ተገላቢጦሹን ረስተናል። ኮሌስትሮል ከፍ ሲል ቀጥታ ወደ መድኃኒት እንሮጣለን፣ «ታይሮይዱስ?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

እንግዲህ «ስንት?» እንበል።

በ1995 ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ በተካሄደ የጤና አውደ ርእይ ላይ ከ25,000 በላይ ሰው ደሙን ሰጠ። ውጤቱ በ2000 ታተመ። ታይሮይዳቸው ደህና የሆነ ሰዎች አማካይ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 216 ነበር፣ በዴሲሊትር በሚሊግራም። ግልጽ የታይሮይድ ማነስ ያለባቸው 251። ቀለል ያለው ያለባቸው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው?

እዚህ ጋ ሰው 240 አለ። አንዷ 235 አለች።

224። ልዩነቱ ስምንት ነጥብ ብቻ ነው።

እኔ ይህችን ስምንት በጣም ነው የምወዳት፣ ብዙ ሰው ከብዙ ጭንቀት ስለምታድን። ስምንት ነጥብ ማለት ምን ማለት ነው? የሁዳዴ ጾም ሊያልቅ ሲል፣ ሁለት ወር ገደማ ሽሮና ምስር ተበልቶ ኮሌስትሮል ቢለካ፣ ከዚያ ፋሲካ አልፎ፣ ዶሮው በቅቤ ተሠርቶ፣ ክትፎው ተከትሎ፣ ዳግማይ ትንሣኤም አልፎ እንደገና ቢለካ፣ የሚታየው ለውጥ ከስምንት ቢበልጥ እኔ አይገርመኝም። «ኮሌስትሮሌ ጨመረ» ብሎ ግንቦት ላይ የሚደውልልኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደበላ ነው።

ስምንቷ ራሷም ሙሉ በሙሉ የታይሮይድ ላትሆን ትችላለች። ዕድሜ ሲጨምር ቲኤስኤች ይጨምራል፣ ኮሌስትሮልም ይጨምራል። ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ አንዱ ሌላውን ያመጣው ይመስላል። እዚሁ አሜሪካ በተደረገ ትልቅ አገር አቀፍ የጤና ጥናት መረጃ ላይ ተመራማሪዎች ዕድሜን፣ ጾታን፣ ዘርንና የኮሌስትሮል መድኃኒትን አስተካክለው ሲያዩት ልዩነቱ ጠፋባቸው። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ትንሽ ልዩነት አለ ይላሉ። እኔ የማምነው አለ ግን ትንሽ ነው የሚለውን ነው፤ ቲኤስኤች ወደ 10 እየተጠጋና እያለፈ ሲሄድ ደግሞ ይተልቃል።

ታዲያ የታይሮይድ ኪኒን ብንሰጥስ? ይሄም ተጠንቷል። በ2000 የቀደሙ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ትንተና ወጥቶ ነበር። ኪኒኑ ጠቅላላ ኮሌስትሮልን በአማካይ ስንት ቀነሰ? አሁንም ስምንት ገደማ። ኤልዲኤልን አሥር ገደማ። ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት በመካከለኛ መጠን ሲወሰድ ግን ኤልዲኤልን ከ30 በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ 150 የነበረው ወደ 100 ይጠጋል ማለት ነው። ስለዚህ የልብ ሥጋትዎ ስታቲን የሚያስፈልገው ከሆነ፣ የታይሮይድ ኪኒን ምትኩ አይሆንም። «ዶክተር፣ ስታቲኑን ትቼ ታይሮይዱን ብቻ ባክምስ፣ እሱ ተፈጥሯዊ ነው አይደል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይሆንም።

እዚህ ላይ የድሮ ታሪክ ላምጣ። በ1960ዎቹ አንዳንድ ሰዎች ብልጥ የሆነ ሐሳብ መጣላቸው። የታይሮይድ ሆርሞን ኮሌስትሮል የሚቀንስ ከሆነ ታይሮይዱ ደህና ለሆነ ሰውም እንስጠው አሉ። ዴክስትሮታይሮክሲን የሚባል፣ የሆርሞኑ የመስታወት ምስል የሆነ መድኃኒት ነበር። እዚሁ አሜሪካ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ደርሶባቸው የተረፉ ከ8,000 በላይ ወንዶች በተካፈሉበት ትልቅ ሙከራ ውስጥ ለአንዱ ቡድን ተሰጠ። ኮሌስትሮሉ ወረደ፣ ወረቀቱ አማረ። ሰዎቹ ግን ከሌላው ቡድን በበለጠ መሞት ጀመሩ። ይህን መድኃኒት የመስጠቱ ሥራ ተቋረጠ፣ ውጤቱም በ1972 ታተመ። ልቡ የታመመን ሰው በሆርሞን ስትገርፈው ልቡ አይችልም።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ሆርሞኑ ጉበት ውስጥ የሚገባበት በርና ልብ ውስጥ የሚገባበት በር የተለያዩ መሆናቸው ኋላ ላይ ታወቀ። የጉበቱን በር ብቻ የሚያንኳኳ ሬስሜቲሮም የሚባል መድኃኒት መጋቢት 2024 እዚህ አገር ተፈቅዷል። የተፈቀደው ለጉበት ስብና ጠባሳ ነው፣ ለኮሌስትሮል አይደለም። ግን የወሰዱት ሰዎች ኤልዲኤልም ይቀንሳል። ሃምሳ ዓመት የፈጀ እርማት ነው።

የራሴን ጥፋትም ልናገር። የት እንደነበርኩ ተዉት። ገና ወጣት ሐኪም ሳለሁ ሰባዎቹ ውስጥ ያሉ አንድ አባት መጡ። ቲኤስኤች 6 ነጥብ ምናምን፣ ኮሌስትሮላቸው ትንሽ ከፍ ያለ፣ «ይደክመኛል» ይላሉ። ደስ አለኝ። ምክንያቱን አገኘሁት አልኩ። አንዴ ብቻ የተለካ ቁጥር ይዤ ኪኒን ጻፍኩ፣ ያውም በደንብ አድርጌ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲመለሱ ልጃቸው ናት ደግፋ ያስገባቻቸው። «ልጄ፣ ልቤ ደረቴ ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ እንቅልፍ የሚባል የለኝም» አሉኝ። እጃቸውን ዘረጉ፣ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። የልብ ምታቸው ሥርዓት አጥቷል። ቲኤስኤች መሬት ነክቷል፤ የሰጠሁት በዝቷል ማለት ነው። ኮሌስትሮላቸውስ? ዘጠኝ ነጥብ ወርዶ ነበር። ዘጠኝ ነጥብ አተረፍኩላቸውና እንቅልፋቸውን ወሰድኩባቸው። መድኃኒቱን ስናቆም ቀስ በቀስ ተሻላቸው። እኔን ግን እስከዛሬ አልተሻለኝም።

የእኔን ዓይነት ችኮላ የሚያስቆም ጥናት ኋላ ላይ መጣ። በ2017 አውሮፓ ውስጥ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ቀለል ያለ የታይሮይድ ማነስ ያለባቸው 737 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ግማሹ ኪኒን ግማሹ ባዶ እንክብል ወሰደ። ከዓመት በኋላ በድካም ሆነ በሌላ ምልክት ልዩነት አልተገኘም። እና እዚህ አገር ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ሌሊት ኡበር የሚነዳ ሰው «ደከመኝ» ሲለኝ፣ ድካሙ ከታይሮይዱ ይሁን ከመሪው በደንብ ሳላጣራ እጄን ወደ ኪኒን አልሰድም።

አሁን 10 ወደምትለው ቁጥር። በ2010 ከ55,000 በላይ ሰዎችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት ታትሟል። ቲኤስኤች ከ4.5 እስከ 7 ባለው ውስጥ ያሉ ሰዎች ላይ የልብ ሕመም ሥጋቱ ታይሮይዱ ደህና ከሆነው ሰው ብዙም አይለይም። 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ሥጋቱ በግልጽ ይጨምራል። ለዚህ ነው ከ10 በላይ ሲሆን ብዙ ሐኪሞች መድኃኒት የሚጀምሩት። ከዚያ በታች ሰውዬውን ማየት ይጠይቃል። ወጣት ነው ወይስ አዛውንት? ታይሮይዱን የሚያጠቃ አንቲቦዲ ደሙ ውስጥ አለ? በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ለ20 ዓመት በተደረገ ክትትል፣ ቲኤስኤችም ከፍ ያለ፣ አንቲቦዲም ያለባቸው ሴቶች በየዓመቱ 4 በመቶ ያህሉ ወደ ግልጽ ማነስ ሄደዋል። እነዚህን ዝም ብለን አንተዋቸውም፣ በየጊዜው እንለካቸዋለን። እርጉዝ ከሆነች ወይም ለማርገዝ ካሰበች ደግሞ የምነግራችሁ ሕግ ሁሉ ይቀየራል። ቀጥታ ሐኪሟ ጋ ትሂድ፣ እኔን አትስማ።

በር ላይ የያዙኝ እናት ወረቀታቸውን አሳይተውኛል። ይናገሩት ብለው ፈቅደውልኛል። አራት ቦታ የታጠፈ፣ ጠርዙ የተበላ ወረቀት ነው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከጸሎት መጽሐፋቸው ጋር አብሮ የኖረ ይመስላል። ቲኤስኤች 6.8። ኤልዲኤል 148። አንዴ ብቻ የተለካ። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እንዲለኩት ነው። ቲኤስኤች ሌሊት ከፍ፣ ቀን ዝቅ ይላል፤ ከሕመም ሲያገግሙም ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል። ደግመው የለኩት ብዙ ሰዎች ላይ በራሱ ይመለሳል። ለፀጉርና ለጥፍር ብላችሁ ባዮቲን የምትውጡ ደግሞ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን አቁሙት። ለብዙ ላቦራቶሪ ማሽኖች ቁጥሩን ያዛባባቸዋል፣ ቲኤስኤችን የሌለ ዝቅታ ያሳያሉ። ኤልዲኤሉን ደግሞ ለብቻው ተቀምጠን እናየዋለን፣ ከደም ግፊት፣ ከስኳር፣ ከዕድሜ፣ ከቤተሰብ ታሪክ ጋር።

አንድ ነገር ግን አልደራደርም። ኤልዲኤሉ ከፍ ብሎ ስታቲን ሊጀምር የታሰበ ሰው ቲኤስኤች መለካት አለበት። ሳይታወቅ የቆየ የታይሮይድ ማነስ ያለበት ሰው ስታቲን ሲወስድ ጡንቻው የመታመም ዕድሉ ይጨምራል። «ስታቲን እግሬን ሰበረኝ» ብሎ መድኃኒቱን ጥሎ የጠፋ ሰው አውቃለሁ። ቲኤስኤች ሲለካ ከ40 በላይ ነበር። ይሄ ቀለል ያለ አይደለም፣ ጥፋቱ የስታቲኑ ብቻም አልነበረም።

ጥያቄዎች ነበሩ፣ በአጭር በአጭሩ ላንሣቸው።

አንድ ወንድም ስለ ጨው ጠየቀ። አገር ቤት የእንቅርት ዋና ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው፤ ከ2011 ጀምሮ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲገባበት በሕግ ተደንግጓል፣ የአፍዴራ ጨውም ጭምር። እዚህ አገር ከሱቅ የምትገዙት ጨው ላይ አዮዲን እንዳለው ማሸጊያውን አንብቡ። ግን ከኢንተርኔት የባሕር አረም ክኒን ገዝታችሁ አዮዲን አትጨምሩ። አዮዲን ሲበዛም ታይሮይድን ያደክማል።

ጎመን ማቆም አለብን ወይ ያለችው እህት፣ የለብሽም። አዮዲን እስካልጎደለሽ ድረስ የበሰለ ጎመን ብዪ። ከቅቤው ጋር ነው የምደራደርሽ።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከኋላ ወንበር ነው የመጣችው። አንዲት እናት የታይሮይድ ኪኒን ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ሐኪማቸው መጠኑን ሦስት ጊዜ ጨምሮላቸዋል፣ ቲኤስኤቹ ግን አልወርድ ብሏል። በምን ይውጡታል ስላቸው «በቡና ነዋ፣ ጠዋት በአቦሉ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ግን በቃ፣ አገኘነው። ቡና ኪኒኑ አንጀት ውስጥ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ካልሲየምና የብረት ኪኒንም እንደዚሁ፣ እነሱን በአራት ሰዓት አራርቋቸው። በባዶ ሆድ፣ በውሃ፣ ከቡናውና ከቁርሱ በፊት ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት።

«አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ቡና?» አሉ እናታችን።

ማታ ከእራት ሦስት ሰዓት ቆይተው ሊተኙ ሲሉም መውሰድ ይችላሉ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ማታማ በረካው አለ» አሉኝ።